የታወቀ እጅ

አዲስ አበባ፤ ጥቅምት 22 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ አየነው፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? የድሬ ሙቀት ትንሽ በረደ ወይ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ በደንብ እበላለሁ። አዎ፣ የነርስ ተማሪዎች መኝታ ቤታችን ኃላፊ አሁንም ያችው ተቆጪዋ ሴት ናት። ደም ሳይ መውደቁን ግን ትቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ቁስለኛ ሲሰፋ መብራት ይዤ ቆሜ ጨረስኩ።

የላኩልኝ ሠላሳ ብር ደርሶኛል። በማግሥቱ ፒያሳ ወጥቼ ሴኮንድ የሚቆጥረውን ሰዓት ገዛሁ። ከእንግዲህ የበሽተኛ የልብ ትርታ ለመቁጠር ከጓደኛዬ መለመን ቀረልኝ። ግን እንዲያው ከየት አመጡት? በክረምቱ ሲጽፉልኝ «ሰው ሁሉ ፊደል እየቆጠረ እኛን ማመልከቻ ጸሐፊዎቹን ጦም ሊያሳድረን ነው» ብለውኝ ነበር። ተበድረው ከሆነ ይንገሩኝ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። አለምብርሃን ከጻፈልኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሽማግሌ ልኮ እርስዎ እሺ ካሉት ወዲህ በየዐርቡ ሳይጽፍ ቀርቶ አያውቅም። እርስዎም ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችዎ ስሙን አላነሡም። የሚሠራበት ባንክ እኮ እርስዎ ከሚቀመጡበት ዛፍ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ሲገባ ሲወጣ ያዩታል። ታሞ ነው? ወይስ እኔ ሳላውቅ ያስቀየምኩት ነገር አለ? እንዳለ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ዘርፈሽ

•

ድሬዳዋ፤ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርፈሽ አየነው፤

ሰላምታዬ እንደ ደቻቱ አሸዋ ይብዛልሽ። ጤናዬን ለጠየቅሽኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዳለሁ አለሁ። ስለ ብሩ አትጨነቂ፤ አልተበደርኩም። ሥራ አግኝቼ ነው።

አለምብርሃን አልታመመም። አንቺም ያስቀየምሽው ነገር የለም። ሳልነግርሽ የቆየሁት ፈተናሽ እስኪያልፍ ብዬ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳሃቦን ታስታውሻታለሽ፤ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት የምትሸጠውን። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በሁለት ፉርጎ መሐል ተይዞ የሞተው። የካሣውን ስምንት መቶ ብር አንዲት ሳንቲም ሳታጎድል በቁጠባ ደብተር ባንክ አስቀምጣው ነበር፤ ለሁለት ሴት ልጆቿ ቤት ልትሠራበት። በመስከረም ወር አንድ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ቤቷ ድረስ መጣና «ክፍሌ እባላለሁ፣ ከባንክ ነው የተላክሁት፤ የቁጠባ ደብተሮች በሙሉ በፎቶግራፍ ባለው በአዲስ ሊለወጡ ነው» ብሎ ደብተሯን ተቀበላት። ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ሰጣት። ማንበብ አትችል፤ ማኅተም አየች፣ አመነች። አዲሱን ደብተር ለመውሰድ በተቀጠረችበት ቀን ባንክ ስትሄድ ገንዘቡ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። ሰውየው ደብተሩን ይዞ፣ «ስለታመምሁ ለወንድሜ ለአብዲቃድር ይከፈልልኝ» የሚል የውክልና ወረቀት በዳሃቦ ስም አቅርቦ ወስዶታል። በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራ የተነሣበት ወረቀት ነው። ጣቱ የሌላ ሴት ነው።

የከፈለው አለምብርሃን ነው። ወረቀቱ የጸሐፊው ስምና የአጥቢያ ዳኛው ማኅተም ሊኖርበት ሲገባ ሁለቱም የለበትም። ለምን እንደ ከፈለ ሲጠይቁት «ተሳስቻለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ከሥራ ታግዷል፤ ፖሊስም ሁለት ጊዜ ጠርቶታል። ከሌባው ጋር ተካፍሏል የሚሉ አሉ። እኔ አልልም።

ዳሃቦ በየቀኑ ረፋድ ላይ ባንኩ በር መጥታ ትቆማለች። አትጮኽም፣ አትሳደብም። ዘበኛው ሲሰለቸው «ሂጂ» ይላታል። እሷም «እሄዳለሁ» ትልና ቆማ ትውላለች።

ትምህርትሽን አጥብቀሽ ያዢ።

አባትሽ አየነው

•

አዲስ አበባ፤ ኅዳር 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሳምንቱ የአለምብርሃንም ደረሰኝ። አራት መስመር ነው። በቃሌ ስለያዝኩት ልጻፍልዎ፦ «ዘርፌ፣ ከእንግዲህ በእኔ ምክንያት እንድትታሰሪ አልፈልግም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። አባባን በጣም አክብሪያቸው።»

አባባን በጣም አክብሪያቸው! እርስዎን መቼ ነው ያላከበርኩት? ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልገባኝም። ሌባ አይደለም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ሒሳብ ሲዘጋ አሥር ሳንቲም ተረፈኝ ብሎ የሳንቲሙን ባለቤት ፍለጋ ሳቢያን ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ነው። አንድ ነገር ደብቋል። ለሰው ብሎ ነው የደበቀው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። በድሬዳዋ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ሁሉ እርስዎ በእጅ ጽሑፉ ይለዩታል። ልጅ ሆኜ ሰው የሚያመጣልዎትን ወረቀት ገና ከሩቅ ሲያዩ «ይህ የእገሌ እጅ ነው፤ ‹ሰ› ሲጽፍ እግሩን ያንሻፍፋል» ይሉኝ ነበር። መንገዱን ይሻገሩና ያን ውክልና ያሳዩኝ ይበሏቸው። አንድ ጊዜ ቢያዩት የማን እንደሆነ ያውቁታል። ጸሐፊው ከተያዘ ያስጻፈውም ይያዛል፣ ዳሃቦም ገንዘቧን ታገኛለች፣ አለምብርሃንም ነጻ ይወጣል። የእርስዎ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

እባክዎ አባባ። ጉልበትዎን ስሜ ነው የምለምንዎ።

ዘርፈሽ

•

ድሬዳዋ፤ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርፈሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? መልሴ የዘገየው ስለታመምሁ ነው። ወባዋ ተነሥታብኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል። ዓይኔም እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ፊደል ይደራረብብኛል። ስለዚህ ያልሽውን ወረቀት ሄጄ ባየውም አልለየውም፤ አልሄድኩምም። የባንክ ሰዎችም ለማንም መንገደኛ ሰነድ አያሳዩም።

ስለ አለምብርሃን የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። ቃልሽን ከመለሰልሽ ተቀበዪው። የተከሰሰ ሰው ነው፤ ነገ ምን እንደሚፈረድበት አይታወቅም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሙያ ይዘሻል፣ ሰው አታጪም። አንዳንድ ነገር ሳይነካካ ቢቀር ይሻላል።

ያጎቴ ልጅ ቦጋለች ሰላም ብላሻለች። በርበሬ ልካልሻለች፤ በቅዳሜው ባቡር ይደርስሻል።

አባትሽ

•

አዲስ አበባ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባባ፤

በርበሬው ደርሶኛል፤ ቦጋለችን ያመስግኑልኝ።

ፊደል ይደራረብብኛል ብለው የጻፉልኝን ደብዳቤ መስኮት አጠገብ ይዤው ተቀመጥኩ። መስመር የሌለበት ወረቀት ነው። አንድ መስመር አልተንጋደደም፣ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። ከዚያ «ሳይነካካ ቢቀር ይሻላል» ያሉትን አነበብኩት። ዕድሜዎን ሙሉ ድሃ የተበደለውን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ይህን አይሉም ነበር። ከዚያ ደግሞ «አባባን በጣም አክብሪያቸው» የሚለው ትዝ አለኝ።

ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። የማን እጅ ነው?

ዘርፈሽ

•

ድሬዳዋ፤ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ፤

የእኔ ነው።

ይህችን ቃል ለመጻፍ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ጥምቀትን ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ፤ ታቦቱ በደጄ ሲያልፍ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ። ሳላሳምር ነው የምነግርሽ፤ ማሳመር ሙያዬ ስለሆነ እፈራዋለሁ።

በመስከረም ማለቂያ፣ ሱቆቹ ለቀትር ዕረፍት ሲዘጉ፣ ያ ካኪ ኮት የለበሰው ሰው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሻሿን ፊቷ ላይ የጣለች ሴት አብራው ነበረች። ሶማሊኛውን ለእሷ፣ ኦሮምኛውን ለጋሪ ነጂው፣ አማርኛውን ለእኔ እያቀያየረ የሚናገር፣ ሣቁ የማያልቅበት ሰው ነው።

«አብዲቃድር እባላለሁ» አለኝ። «ይህች እኅቴ ዳሃቦ ናት። ዓይኗን ስለታመመች ፀሐይ አትችልም። የባንክ ውክልና ጻፍልን።»

ልጄ፣ ዳሃቦን እኔ አውቃታለሁ። ባሏ የሞተ ጊዜ ለምድር ባቡሩ ማመልከቻዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ አልቅሳለች። የቀኝ አውራ ጣቷን በልጅነቷ እሳት በልቶት ጥፍር የለውም፤ ጣቷን ባስነሣኋት ቁጥር ቀለሙ መሐል ላይ ነጭ ይተው ነበር። ይህችኛዋ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ ሙሉ ነው፤ ሂና ተቀብታለች፤ ዕድሜዋም ከሃያ አይበልጥም።

«ይህችማ ዳሃቦ አይደለችም» አልኩት።

«ታናሽዋ ናት። ትልቋ ከአልጋ አልወረደችም» አለኝ፣ ሳያፍር። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው አቦ! ጣት ጣት ነው።» ከዚያም ሦስት ባለ አሥር ብር አጥፎ ከቀለሙ ጠርሙስ ሥር አስገባልኝ። «ስምህን ግን አትጻፍበት» አለኝ።

የጽሑፍ ዋጋዬ አንድ ብር ነው። ሠላሳ ብር የሚከፍል ሰው የሚገዛው ጽሑፍ እንዳልሆነ ሠላሳ ዓመት ብዕር የያዘ ሰው አይስተውም። አወቅሁ። አላወቅሁም ብዬ ራሴን ለማታለል እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ያንቺ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ «ሰዓት የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብለሽ ነበር። ይህን የምነግርሽ ጥፋቱን ወዳንቺ ለመግፋት አይደለም። አንቺ ሰዓት ነው የጠየቅሽኝ፤ ሌብነት አልጠየቅሽኝም። ጻፍኩት። ከእጄ ከወጡት ወረቀቶች ሁሉ ያማረ ነበር።

አለምብርሃን ወረቀቱን ሲያይ እጄን ለየው። ስሙ የለ፣ ማኅተሙ የለ፤ ግን የእኔ እጅ ነው፤ አባባ ከጻፉት ትክክል ነው ብሎ ከፈለ። ነገሩ በታወቀ በሦስተኛው ቀን፣ ፖሊስ ጣቢያ ውሎ ሲመለስ ጠረጴዛዬ ፊት መጥቶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ። «አይ፣ አልጠማኝም» አልኩት። ትንሽ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ያውቃል።

እኔ ግን ምን አደረግሁ? እሱ ለእኔ ሲል አፉን ዘግቶ ሲዋረድ፣ አንቺን «ተዪው» ብዬ መከርሁሽ። ከወረቀቱ ይልቅ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ዳሃቦ አሁንም ባንኩ በር ትቆማለች። አንዳንድ ቀን ፀሐዩ ሲበረታባት መንገዱን ተሻግራ ከእኔ ዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። «አቶ አየነው፣ ደህና ዋልክ?» ትለኛለች። ደህና ዋልሽ እላታለሁ።

ምን ላድርግ?

አየነው

•

አዲስ አበባ፤ የካቲት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፤

ከአምስት ሳምንት በላይ ዝም ያልኩት ልቀጣዎ ብዬ አይደለም። ስጽፍ ስድብ እየሆነብኝ ቀደድኩት። እንደገና ስጽፍ ልመና እየሆነብኝ ቀደድኩት።

ሰዓቱን አውልቄ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ተኝቼ ሣጥኑ ውስጥ ሲቆጥር የሚሰማኝ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ወስጄ ሸጥኩት፤ ሃያ ሁለት ብር አወጣ። ለዳሃቦ በሐዋላ ልኬላታለሁ። የፖስታ ቤቱ ሰው «ላኪው ማን ልበል?» ሲለኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። የራሴን ስም ከእርስዎና ከአያቴ ስም ጋር አስጻፍኩ።

ምን ላድርግ ብለው ጠይቀውኛል። አባባ፣ መልሱን አጥተውት ነው? ለእኔ መናገርዎ ቀላሉ ነው። እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ብቀየም ብቀየም የት እደርሳለሁ? መንገዱን ተሻግሮ መናገር ነው ከባዱ። እኔ ከዚህ ሆኜ ለባንኩ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «አባቴ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስለዚህ እኔም ተካፋይዎ ሆኛለሁ ማለት ነው። ይህን ያህል አዋርደውኛል።

አለምብርሃን እንደሚያውቅ አሁን ገባኝ። እሱን ማናገር አፈርኩ። አንድ ሰው ስለ አባቴ ብሎ ሲሰቀል ምን ብዬ ነው «እንዴት ነህ» የምለው?

ዘርፈሽ

•

ድሬዳዋ፣ ወህኒ ቤት፤ ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርፈሽ፤

ከየት እንደምጽፍልሽ ከላይ አይተሽዋል። ቦጋለች የምታውቀውን ያህል ጽፋልሽ ይሆናል፤ የቀረውን ከእኔ ስሚ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ወዲያው ተነሥቼ ሄድኩ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በየማለዳው «ዛሬ» እላለሁ፤ ፀሐዩ ሲወጣ «ነገ» እላለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያ ሰው ራሱ መጣ።

ኮቱን ለውጧል። ሴትየዋ አልነበረችም። ጎረቤት ያለ ሰው ሰላም እንደሚል ሰላም አለኝና በርጩማዬን ስቦ ተቀመጠ። «አንድ ሌላ አለችኝ» አለ። «መድና ትባላለች፤ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። እንደ በፊቱ አድርገህ ጻፍልኝ።»

«አልጽፍም» አልኩት።

ሣቀ። «አንተና እኔ እኮ እንተዋወቃለን፣ ሼባው። አሁን ሠላሳ ብር የለም፤ አምስት ብር ነው የምሰጥህ። ከተናገርክ አብረን ነው የምንገባው።»

እውነቱን ነው። አብረን ነው የምንገባው። መድና የምትባለዋን ሴት አላውቃትም፤ ግን በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ መስላ ታየችኝ።

«የጣት ማስነሻው ቀለም አልቆብኛል» አልኩት። «ከዕረፍት በፊት ከሱቅ ላምጣ። ጠረጴዛዬን ጠብቅልኝ።»

መንገዱን ተሻገርኩ። ሃያ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ዳሃቦ በሩ ላይ ቆማለች፤ በአጠገቧ አልፌ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሳይፈቀድልኝ ገብቼ «የዳሃቦን ውክልና የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አለመሆኗን አውቄ ነው የጻፍኩት። ያስጻፈኝ ሰው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል» አልኩት። ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ስልኩን አነሣ። እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ከዛፌ ጥላ ሥር እግሩን አጣጥፎ ሲጋራ ያጨሳል። ፖሊሶቹ በሁለት በኩል መጥተው ያዙት። ቦርሳው ሲፈተሽ ሰባት የቁጠባ ደብተር ተገኘበት፤ ሰባቱም የሴቶች ነው፣ አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም። ከዳሃቦ በቀር የስድስቱ ገንዘብ ገና አልተነካም። እውነተኛ ስሙ ክፍሌም አብዲቃድርም አልነበረም። በሄደበት ሁሉ የሰው ስም ይለብስ ነበር።

ችሎት የቆምን ቀን አዳራሹ ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ሰዎች ሊያዩኝ መጡ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ከኋላ አንዱ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» ሲል ሰማሁት። ልጄ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዳኛው ዳሃቦን «የምትዪው አለሽ?» አላት። አስተርጓሚ ቀርቦላት ነበር፤ አልፈለገችም። ወደ እኔ ዞራ በራሷ አማርኛ ተናገረች።

«ሌባው እኔን አያውቅም» አለች። «ባንኩ ወረቀት ነው የሚያውቀው። አንተ ግን እኔን ታውቅ ነበር።»

ይህን ብቻ ብላ ተቀመጠች። 

በሰውየው ሰባት ዓመት፣ በእኔ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደ። ከዳሃቦ ገንዘብ ባንኩ ግማሹን ተካላት። ለቀረው የቤቴን የጓሮ ክፍል ሸጬ ከፍዬአለሁ፤ ቦጋለች እጅ በእጅ አስረክባታለች። ሃያ ሁለት ብርሽን ደግሞ ልትመልስልሽ ፈልጋ ነበር። ቦጋለች «የልጅቷ ነው፣ ተዪው» ስትላት «ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለቻት አሉ። እኔን ግን ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ለምን ደግሞ ሌላ ሸክም አሸክማታለሁ?

ባንኩ አሁን ሕጉን አጥብቋል። ታምሜአለሁ ያለች ደንበኛ ካለች ሠራተኛው ከሚያውቃት ጎረቤት ጋር ቤቷ ድረስ ሄዶ ያያታል። ደብተር ከቤት የሚሰበስብ የባንክ ሰው እንደሌለ በቀፊራ፣ በመጋላ በአራት ቋንቋ ተለፍፏል። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ!

አሁን ስለ አለምብርሃን። ከክሱ ነጻ ወጥቷል፤ ባንኩ ግን ሕግ ጥሰህ ከፍለሃል ብሎ አልመለሰውም። እህል ነጋዴው ሐጂ ዓብዱልአዚዝ ዘንድ፣ እህል በረንዳው ላይ፣ መዝገብ ይይዛል። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጣ። ሙዝና ሳንቡሳ ይዞልኝ መጣ። በሽቦው ወዲያና ወዲህ ሆነን ቆምን።

«ልጄ፣ እኔን ብለህ ይህን ሁሉ ወር…» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«አባባ፣ ለእርስዎ ብቻ ብዬ አይደለም» አለኝ። «እንደዚያ አስመስዬ ኖሬአለሁ፤ ውሸት ነው። የእርስዎ እጅ ነው ብል፣ አውቄ ያለ ማኅተም መክፈሌን መናገሬ ነው። ፈርቼ ነው። ያችን ሴት በየቀኑ በሩ ላይ እያየኋት ነው ዝም ያልኩት።» ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ስለዚህ እንደ ጻድቅ አትይው። እኛን የመሰለ ሰው ነው። እኔ ግን ይህን ከነገረኝ በኋላ ከቀድሞው ይበልጥ ወደድኩት።

ሊሄድ ሲል «ለዘርፌ ይጻፉልኝ» አለኝ። «እኔ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። እርስዎ ያውቁበታል፤ በእኔ ስም ሆነው ይጻፉላት። ያኔ የመለስኩላትን ቃል እንደገና እየለመንኳት እንደሆነ ይንገሩልኝ።»

«አልጽፍም» አልኩት። «በሰው ስም መጻፍ አብቅቻለሁ። ክፉም ቢሆን፣ የተንጋደደም ቢሆን፣ የራስህን ራስህ ጻፍ።»

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእሱ ምልጃ አይደለም። እሺም እምቢም በይ አልልሽም።

አየነው

•

አዲስ አበባ፤ ግንቦት 21 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ አየነው፤

አባባ፣ እንደምን አሉ? መኝታዎ እንዴት ነው? ወባዋ አልተነሣችብዎትም? ኪኒን በቦጋለች በኩል ልኬያለሁ፤ ከምግብ በኋላ ይዋጡት፣ ለሌላ እስረኛ እንዳያካፍሉት።

የአለምብርሃን ደብዳቤ ደርሶኛል። በሦስት ቦታ ሰርዟል፤ ቀለምም አፍስሶበታል። ምን እንደመለስኩለት ለእርስዎ አልጽፍም፤ ከፈለገ እሱ ይንገርዎ።

እኔም አንድ የደበቅሁዎት ነገር አለ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ለጓደኞቼ አባቴ የፖስታ ቤት ሹም ነው ስል ነው የኖርኩት። ዛፍ ሥር ተቀምጦ በአንድ ብር ማመልከቻ ይጽፋል ማለት አፍሬ ነው። ክፉ ሰው ሳይሆኑ፣ ምንም ሳያጠፉ ነው ያፈርኩብዎት። ይህን ሳስበው የዚያን አጭበርባሪ ሳይሆን የራሴን ፊት ነው የማየው፤ እሱም እኮ የሚያስከብረውን ስም መርጦ ነው የሚለብሰው። ትናንት ምሳ ላይ አንዷ ጓደኛዬ «ለምረቃሽ አባትሽ ይመጣሉ?» አለችኝ። «አይመጡም፤ ታስረዋል» አልኳት። በኋላ ስኒዬን ሳጥብ አንዷ መጥታ አጠገቤ ቆመችና ስኒውን ተቀብላኝ አደረቀችው።

አልተቀየምኩዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። ተቀይሜያለሁ፤ ገና ብዙ ጊዜ እቀየማለሁ። እየተቀየምኩ እመጣለሁ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ በቅዳሜው ባቡር እነሣለሁ። እሑድ ጥዋት መጠየቂያ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ቦጋለች እንደጻፈችልኝ በሩ ላይ ያለው ወታደር ጠያቂውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ «የማን ነሽ?» ይላል፤ መልሱንም ጮክ ብለው እንዲናገሩ ያደርጋል፤ አንዳንዱ አፍሮ የሩቅ ዘመድ ነኝ ይላል አሉ።

እኔ ልጁ ነኝ እላለሁ።

ዘርፈሽ አየነው